ጀርባ ቀቢዋ

ሰው ሁሉን አይቶ ቢጨርስ፣ የገዛ ጀርባው ይቀረዋል፤
ያባቴን ጀርባ ከእናቴ ሌላ፣ የእኔ መዳፍ ብቻ ያውቀዋል።
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር ያኔ፤ የኮኮናት ዘይት በጣሳ፣
እሱ መሬት፣ እኔ ሳጥን ላይ፣ እጄ እስከ ክርኗ ርሳ።

ከኢሎኢሎ ወደብ ጀርባ፣ ከስኳሩ መጋዘን አጥር ሥር፣
ጦርነቱ ጥሎት የሄደ አንድ ስብርባሪ ጂፕ ነበር።
ሞተሩን ፖሊሱ ፈታ፣ ወንበሩን ጸጉር አስተካካይ፣
ለአባቴ ዘንጉ ተረፈው፣ የዛገ በዝናብ በፀሐይ።
በሁለት የወተት ጣሳ ሲሚንቶ በጥብጦ ሞላ፣
ዘንጉን ከነዝገቱ ነከረ፣ አንዱን ጫፍ ዛሬ፣ ነገ ሌላ።

እናቴ በር ላይ ቆማ፣ «ቀን ጆንያ፣ ማታ ሲሚንቶ!
እንዲህ ያለ ሞኝ የት ይገኛል፣ ሸክም ከሸክም ለይቶ?»
«ጆንያው የባለ ስኳሩ ነው፤ ይኼኛው ግን የራሴ፤
ያ ያጎበጠኝን ይኼ ያቅናልኝ፣ ተይኝ ለነፍሴ።»

መምህር አልነበረውም። መርከበኛ ከጣለው መጽሔት፣
ጨው የበላት አንዲት ገጽ፣ በሚስማር ከአልጋው ፊት ለፊት።
አንድ የሩቅ አገር ሰው ክንዱን አጥፎ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፤
ከወገቡ በታች ግን የለም፤ ወረቀቱ ተቀዷል።
እግር እንዴት እንደሚቆም ያሳየው ማንም አልነበረ፤
ከመርከብ መወጣጫ ሳንቃ ላይ ራሱ አባቴ ፈጠረ፦
ቀኙ ወደ ፊት፣ ግራው ሰበር፣ ጣቶቹ እንጨት የጨበጡ፣
ስድሳ ኪሎ እንደተሸከሙ፣ ማዕበል እንደረገጡ።

በክብረ በዓሉ ምሽት፣ ከአውራ ዶሮ መፋለሚያው ሜዳ፣
ባሸዋ ተሸፈነ የቀትሩ የላባና የደም ዕዳ።
ማሾው ተሰቀለ። ሰባት ወንዶች በስኳር ሚዛን ተመዘኑ፤
ቆርቆሮ ሠሪው አንሰልሞ፣ ሌሎቹም ካሣ ገበያ የሆኑ።
ሁለት ቀን ውሃ ያልነካው የአባቴ ከንፈር ተሰንጥቆ ነበር፤
«ያበራል ወይ?» አለኝ፤ «ያበራል» አልኩት፣ «እንደ ባሕር።»

ያልነገርኩት ነገር አለ። ከግራ ትከሻው አጥንት በታች፣
የጦርነቱ ሳንጃ የተወው፣ እንደ ተጨፈነ ዓይን ያለች፣
ጠባሳ። እሱ «ድና ጠፍታለች» ይላል፤ እናቴም አትነግረውም፤
በዘይት ሞላኋት፣ ደግሜ፣ ደግሜ፤ ዘይት ግን ሥጋ አይሆንም።

«ሩፊኖ ካባሉና!»
ክንዱን ሲያጥፍ ቁማርተኞች ዝም አሉ፤
እግሩን ሲተክል ሸክም አውራጆች፣ ያቺን ሳንቃ የሚያውቁ ሁሉ፣
ብድግ አሉ። ከዚያ ዞረ።
ዳኛው በእርሳስ ሲጽፍ አጠገቡ ነበርኩ፤
«ጀርባ፦ እንከን አለበት።» ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩ።

ሁለተኛ። ሽልማቱ ግማሽ ጆንያ ሩዝ፤
በቀኝ ትከሻው አነሣው፣ ማንም ሰው ሳያግዝ።
በወንዙ ዳር ስንሄድ፣ «እግሬ ነው» አለኝ፣ «እግሬ ነው የጣለኝ፤
የዚያች የተቀደደች ገጽ ግማሿን ማን በሰጠኝ!»
ዝም አልኩ።
እስኪሞት ድረስ፣ ከየመርከቡ መጽሔት እየለመነ፣
የሰው እግር ብቻ ሰበሰበ፤ ግድግዳው እግር በእግር ሆነ።

ጓሮው ጂም ሆነ በኋላ፤ ሲሚንቶው በብረት ተተካ፤
ማኒላ ድረስ ዋንጫ የሚያነሣ ካንድ ጓሮ ይወጣል ለካ።
ሴቶችም መጡ፤ የዓሣ ሻጯ ልጅ ኢሉሚናዳ መጀመሪያዋ፣
ቄሱ ቢገሥጿት፣ «ክንዴን ማን ሠራው?» ነበር መልሷ።

አሁን የልጄ ልጅ ሬንዞ፣ በገበያ ማዕከሉ አዳራሽ፣
ቀለም ተነፍቶበት ቆሞ፣ «ጀርባዬን» ይለኛል፣ «እባክሽ።»
ሦስት መስታወት ከብበውታል፤ ጀርባው ከዓይኑ አይሰወርም፤
እጅ የማይደርስባት ቦታ ግን እሱም ዘንድ አልጠፋችም።
ቀባሁት። ልስልስ ነው። ከግራ ትከሻው አጥንት በታች፣
ምንም በሌለበት ቦታ፣ እጄ በራሷ ቆመች።

«አያቴ፣ ምን ሆንሽ?»
«ምንም።
ሂድ፣ ስምህ ተጠራ። እግርህን አደላድለህ ቁም።»